የካንዴላ ቀሚስ

አባቴ ሌላ ሴት እንዳለችው ያወቅሁት በስምንት ዓመቴ ነው። ስሟ ካንዴላ ነበር። በዓይኔ አይቻት አላውቅም፤ ግን ብዙ ነገሯን አውቅ ነበር። ትንሽዬ ናት፣ ጯሂ ናት፣ ስትነሳ እሳት ትተፋለች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የምትለብሰው ቀሚስ የላትም። ይህን ሁሉ የተናገረው ራሱ አባቴ ነው። የተናገረው ለእኔ አልነበረም እንጂ።

የምሰማበት ቦታ ነበረኝ። ጓሯችን ውስጥ፣ አባቴ በሚሠራበት የቆርቆሮ ክፍልና በአጥሩ መካከል፣ ቀጭን ልጅ ብቻ የምታልፍበት ክፍተት ነበረች። እዚያ ገብቼ ሚስማር በበሳው ቀዳዳ ላይ ዓይኔን እለጥፋለሁ። ለጆሮዬ ደግሞ ቀዳዳም አያስፈልገውም ነበር። ያን ጊዜ ጆሮ ጠቢነት እንደ ሙያ ቢቆጠር ኖሮ ከሰፈሩ እኔን የሚያህል ባለሙያ አይገኝም።

አባቴ ሞተር ጠምጣሚ ነው። የተቃጠለ የውኃ ፓምፕ ሞተር ያመጡለታል፤ እሱ ውስጡ ያለውን የመዳብ ሽቦ ፈትቶ አዲስ ይጠመጥምበታል። ሲጠመጥም ዙሩን በከንፈሩ ይቆጥራል። ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ዙር ሊሆን ይችላል፤ አጠገቡ ዘፈን ቢዘፈን፣ ልጅ ቢያለቅስ፣ ዕቃ ቢሰበር ቁጥሩ ጠፍቶበት አያውቅም። አሥራ አራት ዓመት የሠራበት የጥገና ቤት ሲዘጋ መሣሪያዎቹን በእጅ ጋሪ ጭኖ ወደ ጓሮ አስገባቸው። ከዚያ ወዲህ ሥራ አንዳንዴ ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም። ሥራ የፈታ እጁ ማረፊያ ሲያጣ የበር ማጠፊያ፣ የወንበር እግር፣ የድስት እጀታ ያጠብቃል። «በፈጠረህ፣ ያልላላውን አታጥብቅብኝ!» ትለዋለች እናቴ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። በዚያን ዘመን ቤታችን የቆመው በእሷ የስፌት መኪና ነበር። የፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር ትቀመጣለች፤ መኪናዋን እየረገጠች ሙሉ ቀን ራዲዮ ታዳምጣለች። ራዲዮዋን ከእሷ በቀር የሚነካ የለም።

ካፒቴኑ የመጡት በዚህ መሀል ነው። ካፒቴን ይባሉ እንጂ አውሮፕላን ነድተው አያውቁም፤ ተሳፍረውም አያውቁም። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ አንዱ የወረቀት አውሮፕላን ወረወረባቸው፤ እሳቸውም አንስተው ክንፉን አስተካከሉና «እንዲህ ነው የሚታጠፈው» ብለው መልሰው ወረወሩለት። ጡረታ ሲወጡ ከወረቀት ወደ እንጨት ተዛወሩ። ክንፏ ከአልጋዬ የሚረዝም፣ በራዲዮ የምትታዘዝ አውሮፕላን ሠሩ፤ አፍንጫዋ ላይ ከሳር ማጨጃ የተፈታች የቤንዚን ሞተር ገጠሙላት። ሞተሯ የሁለት ጭብጥ ያህል ብትሆን ነው። የሽቦ ነገር የሚያውቅ ሰው አጠያይቀው ወደ አባቴ መጡ።

ለእኔ ግን ነገሩ ወዲያው ሸተተኝ። ሁለት ሽበታም ሰዎች በር ዘግተው፣ የልጅ መጫወቻ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይንሾካሾካሉ። እኔ መጫወቻ ስጫወት በር ዘግቼ አላውቅም። አውሮፕላኗ ሽፋን እንደሆነች ለመረዳት ብዙ ብልህነት አልጠየቀኝም።

«አልቻልኳትም» አሉ ካፒቴኑ፣ መጀመሪያ በሰማኋቸው ቀን። «ካንዴላዋ ናት ያስቸገረችኝ። አንዴ ከተነሳች ጩኸቷ ሌላ ነገር አያሰማም።»

«ራቁቷን ስለሆነች ነው» አለ አባቴ። «ቀሚስ ያስፈልጋታል።»

«ቀሚሱ ከየት ይመጣል?»

«እኔው እሠራላታለሁ።»

«መሳካቱን በምን እናውቃለን?»

«በሚስቴ ነዋ!» አባቴ ሳቀ። «ቀሚሷን አልብሰን እናስነሳታለን። ሚስቴ ምንም ካልሰማች አለቀ፣ ተሳካልን ማለት ነው።»

ከክፍተቷ እየተናደድኩ ወጣሁ። ሌላ ሴት መኖሯ ብቻ አይደለም ያንገበገበኝ። ቀሚስ! የልብስ ሰፊ ባል ሆኖ፣ ሚስቱ ለሰው ስትሰፋ ወገቧ እየተቆረጠ፣ እሱ ለሌላ ሴት በገዛ እጁ ቀሚስ ሊሠራ! ዛሬ ያን ንግግር ቃል በቃል ሳስታውሰው አባቴ አንድም ውሸት አልተናገረም። ያን ጊዜ ግን ከዚያ የባሰ ክህደት ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን የእናቴ ራዲዮ ታመመ። ጓሮ ያቺ ሞተር ስትነሳ ራዲዮው ጥርርር ይልና ዜና አንባቢው መሀል ላይ ይዋጣል። እናቴ በመዳፏ ጀርባውን ትመታዋለች። ሞተሯ ስትጠፋ ራዲዮው ይድናል፤ እናቴም ምቷ ያዳነው ይመስላታል። ሁለቱን ነገር ማገናኘት ማንም ልጅ የሚችለው ነበር። እኔ ግን ትልቅ ጉዳይ ስለያዝኩ ለራዲዮ ጊዜ አልነበረኝም።

ቀጥሎ የእናቴ ዕቃዎች መጥፋት ጀመሩ። መጀመሪያ ቀጭኗ መርፌ፣ ከዚያ የጣት ቆቧ፣ ከዚያ የልክ መውሰጃ ሜትሯ። «አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ለአሻንጉሊትሽ ወስደሽ ነው?» ብላ እኔን ተቆጣችኝ። ማን እንደወሰደ አውቅ ነበር፤ በቀዳዳዬ አይቼዋለሁ። አባቴ ሜትሩን ዘርግቶ አንድ ነገር ይለካል።

«ከስንዝር አይለፍ» ይላል። «ባጠረ ቁጥር ነው የሚሻለው። ረዥም ከሆነ ነገር ያመጣል።»

«ስንዝር ብቻ?» አሉ ካፒቴኑ።

«ስንዝር ይበቃታል። ዋናው ሁለቱም ጫፏ ማሳ መንካቱ ነው። ማሳ ካልነካች ለብሳም አልለበሰችም።»

የስንዝር ቀሚስ! እናቴ ከጉልበት በላይ የሆነ ቀሚስ እንድትሰፋ ስትጠየቅ እንኳ «እርግጠኛ ነሽ?» ብላ ሁለቴ ሳትጠይቅ መቀሷን አታነሳም። በዚያ ላይ ማሳ። ከሰፈራችን ማዶ፣ ከመንገዱ ባሻገር የእርሻ ማሳዎች ነበሩ። አባቴ ያቺን ሴት ስንዝር ልብስ አልብሶ ማሳ ላይ ሊቀጥራት ነው ማለት ነው። ጠምጣሚዎችና መካኒኮች ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን የሞተር ገላ ማሳ እንደሚሉት የነገረኝ አልነበረም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በኤሌክትሪክ ሞተር ላይ ስለሠራ፣ የቤንዚን ሞተር ውስጥ እሳት የምትጭረው ነገር ካንዴላ መባሏንም ከቤታችን የሰማ ሰው የለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ አላስችል ሲለኝ እናቴን ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ አባዬ ቀሚስ መስፋት ይችላል?»

ሳቀች። «አባትሽ? ቁልፍ መትከል አይችልም!» ጥቂት ረገጠችና እግሯ ቆመ። «ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ አይጠየቅም።»

ማስረጃ እስካገኝ ላለመናገር ወስኜ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እናቴ ስትሰፋ ቀና እያለች በጓሮው በር ማየት አበዛች። ጉንፋኔን እንዳጋባሁባት ጥርጣሬዬንም አጋባሁባት። ካፒቴኑ ሲገቡ «ደህና ዋሉ?» ብላ ሰላም ትላቸዋለች፤ እንዳለፉ ግን ከንፈሯን ትነክሳለች። ሳያት ደስ አለኝ፤ ብቻዬን አልነበርኩም።

ቀሚሷ ስትሠራ በዓይኔ አየሁ። አባቴ ከጎረቤት የተጣለ የቴሌቪዥን አንቴና ገመድ አምጥቶ ጥቁሩን ልጥ በምላጭ ሰነጠቀው። ከውስጡ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የሚያብለጨልጭ ነገር ወጣ። በስንዝር ቆረጠው። የእናቴን መርፌ አንስቶ፣ ጣቱ ላይ የእናቴን ቆብ አጥልቆ፣ በፀጉር ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሁለቱን ጫፎች ሰፋቸውና በየጫፉ ትንሽ ቀለበት አበጀላቸው። እጁ እንዲህ ቀስ ብሎ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ስፌቱን እየቆጠረ ነው። ሲጨርስ ወደ ብርሃኑ አነሳው። እኔም ያኔ ገባኝ፤ ቀሚስ አይደለም። ጌጥ ነው። የብር አምባር! ቀሚስ የሚሉት ለማደናገር ነው።

ሐሙስ ዕለት ሞከሯት። ሞተሯ ጓሮ ተነስታ ስትጮህ አባቴ እየሮጠ ወደ ፊተኛው ክፍል ገባ። እኔ ወለሉ ላይ ጨርቅ እየለቀምኩ ነበር። እናቴ ራዲዮዋን ከፍታ ትሰፋለች።

«የሰማሽው ነገር አለ?» አላት፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ምን እሰማለሁ?»

«ምንም አልሰማሽም?»

«ራዲዮ ነው የምሰማው፤ ሌላ ምን ልስማ? ምን ሆነሃል አንተ?»

አባቴ እላይዋ ላይ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማትና እየሮጠ ተመልሶ ወጣ። እናቴ ግንባሯን በጣቷ እየነካች በሩን ስታይ ቀረች። እኔ ደሜ ፈላ። ሚስቴ ምንም ካልሰማች ተሳካልን ብሎ አልነበር? ተሳካላቸዋ! ጭራሽ ለድሉ ሲል ሳማት። ያን ቀን ራዲዮው አንዴም ጥርርር እንዳላለ ያስተዋልኩት አድጌ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ሳስብ ነው።

«ከነገ ወዲያ ናት» ሲሉ ሰማኋቸው ካፒቴኑን፣ በዚያው ማምሻ። «ቅዳሜ ጠዋት ሰዎቹ ይመጣሉ።»

«አውልቄ የብስኩት ቆርቆሮዋ ውስጥ አስቀምጫታለሁ፤ ቤንዚን እንዳይነካት» አለ አባቴ። «ቅዳሜ ጠዋት ነው የማለብሳት። እስከዚያ አደራ ለሚስቴ እንዳይነግሯት። ካለፈልን እኔው ራሴ እነግራታለሁ።»

ሰዎቹ ከመሬት ልኬት መሥሪያ ቤት ነበሩ። እርሻ ከላይ ፎቶ የምታነሳ ትንሽ አውሮፕላን ይፈልጋሉ፤ የካፒቴኑ አውሮፕላን ሳትወላውል ከበረረች ካፒቴኑን ለማብረር፣ አባቴን ለሞተሯ ሊቀጥሩ ቃል ገብተዋል። አባቴ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ሥራ አገኘሁ ብሎ ለእናቴ አብሥሯት ሦስቱም ቀርቶበታል። የእናቴ ፊት አራተኛ ጊዜ ሲጠቁር ማየት ስላልፈለገ ነው አደራ ያለው። ይህን ያወቅሁት ማወቄ ለማንም በማይጠቅምበት ጊዜ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አባቴ ክንፎቹን ለማምጣት ወደ ካፒቴኑ ቤት ሄደ። ክፍሉ ውስጥ ገባሁ። ቤንዚንና ማጣበቂያ ይሸታል። የብስኩቷን ቆርቆሮ ከፈትኩ። አምባሩ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጨርቁ የእናቴ ነበር፤ ሌላ ሰው የማያውቀው ቁራጭ፣ ካለፈው ዓመት ልብሴ የተረፈ። ይኼ አንገበገበኝ። አምባሩ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነው፤ ሲገፉት ይሰፋል፣ ሲስቡት ይጠባል። አንጓዬ ላይ ጠመጠምኩት። ሊያምር ምንም አልቀረውም፤ እጄን አዙሬ አየሁትና ያቺን ሴት የበለጠ ጠላኋት።

ልጥለው እችል ነበር። ግን ከመጣል የተሻለ ፍርድ ታየኝ። ለእናቴ የሚገባውን ለእናቴ መመለስ። እናቴ ደጅ ከደንበኛ ጋር ስታወራ የመኪናዋን መሳቢያ ስቤ ከቁልፎቹ በላይ አስቀመጥኩት። ታገኘዋለች፣ «ይኼ የማን ነው?» ትለዋለች፣ ከዚያ የሚሆነው ይሆናል። ጦርነቱን በጉጉት እየጠበቅሁ ተኛሁ።

ጦርነት አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ እያንጎራጎረች ሻይ ቀዳችልኝ። እናቴ አታንጎራጉርም። እጅጌዋን እስከ መዳፏ አውርዳ ስትሰፋ አየኋት፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አባቴ ከጓሮ ገባ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ቀሚሷን አይተሻታል?»

እናቴ ቀና አለች። «የትኛዋን? የጎረቤታችንን? ያቻትልህ ተሰቅላለች።»

«የጎረቤታችንን አይደለም! የካንዴላዋን!»

«ካንዴላ የምትባል ደንበኛ የለችኝም።»

«ደንበኛ አይደለችም፣ አንቺ ሴትዮ!»

«ታዲያ ምንህ ናት?»

አባቴ አፉን ከፈተ። ያኔ ካፒቴኑ ከውጭ በሩን እያንኳኩ «ሰዎቹ ሜዳው ላይ ደርሰዋል! ቶሎ በል እንጂ!» ብለው ተጣሩ። አባቴ ወንበር አነሳ፣ ጨርቅ አራገፈ፣ ተንበርክኮ ከመኪናው ሥር አየ። መሳቢያዋን አልከፈታትም፤ የእናቴን መሳቢያ ማንም አይከፍትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ አላየሽም?»

«ምኑን?» አልኩት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ።

ሌላ ለመሥራት ጊዜም ገመድም አልነበረውም። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚገኘውን የብር ወረቀት ኪሱ ከቶ ወጣ። በኋላ እንደሰማሁት ወረቀቱን ሽቦዋ ላይ ጠቅልለው ሞተሯን አስነሱ። አውሮፕላኗ አማረባት፣ ከፍ አለች፤ ወረቀቱ ከሞተሯ ንዝረት የተነሳ ተቀደደና ካንዴላዋ እንደ ልማዷ ጮኸች። ክንፏ መንቀጥቀጥ ያዘ፤ ካፒቴኑ ቀኝ ሲሏት ግራ ሄደች። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ፊት በአፍንጫዋ መሬት ተከለች።

አባቴ ከሰዓት በኋላ አውሮፕላኗን በሁለት ማዳበሪያ ተሸክሞ ብቻውን ተመለሰ። ካፒቴኑ ከበር አልገቡም። ማዳበሪያዎቹን አስቀምጦ የደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። ያቺ ሴት ቀርታበት ነው አልኩ በልቤ፤ እሰይ። የሰው ቅስም ሲሰበር ያን ያህል ቀርቤ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ እኔም ቆሜ ተደሰትኩበት። ይህን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል።

እናቴ ከውስጥ ወጣች። ፀጉሯን አበጥራለች። ከኋላው መጥታ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈችና እጅጌዋን ሰብሰብ አደረገች። አምባሩ አንጓዋ ላይ ነበር፤ ሁለቱን ቀለበቶች በትንሽ ጥቁር ቁልፍ አያይዛቸዋለች።

«እጅህ ይባረክ» አለችው። «መርፌዬንና ሜትሬን ስትሰርቅ የከረምከው ለዚህ ነው? እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ስጠረጥርህ ነበር፤ ይቅር በለኝ። ጠዋት ቀሚስ ቀሚስ ስትል የነበረውስ ማግኘቴን አለማግኘቴን ለማወቅ ነው አይደል? ያገኘሁት ትናንት ማታ ነው።»

አባቴ አምባሩን አየው። ረዥም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም። አሁን ይዋሻል ብዬ ጠበቅሁ።

«ልክ መጣልሽ?» አላት።

«ትንሽ ሰፋ አለ፤ ቁልፍ ተከልኩበት።»

«አማረብሽ» አለ። እጇን ያዝ አደረገ። «በጣም አማረብሽ።»

«ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ምንድነው?»

«ምንም። የካፒቴኑ መጫወቻ ናት፤ ተሰበረች።»

ዓይን አውጣ! አልኩ በልቤ። ለሌላ ሴት የሠራውን፣ እጅ ከፍንጅ ሲያዝ፣ ላንቺ ነው ብሎ አረፈው። ያን ማታ ራት ላይ እናቴ እጇን እያዟዟረች ትስቃለች፣ እሱ ያያታል፣ እኔ ሁለቱንም አያለሁ። አንድ ነገር ውስጤ ቆልፌ ቁልፉን ጣልኩት።

አሥራ አንድ ዓመት ቆለፍኩት። አባዬ ማለት ተውኩ። ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ ሲመጣ ሦስት እርምጃ ከኋላው እሄዳለሁ። ምሳ ሲደርስ ለእናቴ «ደርሷል በይው» እላለሁ፤ እሱ ከፊቴ ተቀምጦ። አንድም ቀን «ምን አደረግሁሽ?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ ይኼም ለእኔ ማስረጃ ነበር። ጥፋተኛ ባይሆን ይጠይቀኝ አልነበር?

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የሙያ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ራዲዮ ጥገና ተማርኩ። አንድ ጠዋት አስተማሪያችን ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ አስነሳና አጠገቡ ራዲዮ ከፈተ። ራዲዮው ጥርርር አለ።

«ምንድነው የሚጮኸው?» ብሎ ጠየቀን። «ካንዴላዋ ናት። እሳት በጫረች ቁጥር ወደ እሷ የሚሄደው ሽቦ እንደ አንቴና ጩኸቷን ይረጨዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሽቦውን አሳጥሩ፣ ቀሚስ አልብሷት፣ ሁለቱንም ጫፍ ማሳ አስነኩ።» ከኪሱ የተጎነጎነ የሚያብለጨልጭ ነገር አወጣ። «ይቺ ናት ቀሚሷ። ከአንቴና ገመድ ውስጥ ትገኛለች።»

አለበሳት። ራዲዮው ጸጥ አለ። ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ ማስታወሻ ይጽፋል፤ እኔ ተነስቼ ቆሜያለሁ። «ምን ሆንሽ?» አለኝ አስተማሪው። ደብተሬን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ።

አባቴ ጓሮ ነበር፤ የጎረቤት ማራገቢያ ሞተር እየጠመጠመ። ከንፈሩ ይቆጥራል። በሩ ላይ ቆምኩ።

«የካንዴላዋን ቀሚስ የወሰድኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

እጁ አልቆመም። «አውቃለሁ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እናትሽ ለብሳው ስትወጣ አይደል ያየሁሽ? ቀሚስ በእግሯ ሄዳ መሳቢያ አትገባም።» ጥቂት ዙር ጠመጠመ። «ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አልሽኝ። አፍራ ነው አልኩ። የልጅ ነገር፣ ሥራውን እንዳሳጣችኝ ሰምታ አፍራ ነው፤ ብጠይቃት ይብስባታል፣ ሲወጣላት ራሷ ትመጣለች ብዬ ተውኩሽ። ትንሽ ቆየሽ እንጂ።»

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት እኔ ስፈርድበት እሱ ሲያዝንልኝ ኖሯል። ለምን እንደወሰድኩት ነገርኩት። ካንዴላ ማን መስላኝ እንደነበር ስነግረው መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። የእኔም ወረደ፤ ከሳቅ ግን አልነበረም።

«ታዲያ ለእማዬ ለምን እውነቱን አልነገርካትም?»

ሳቁ ቀስ ብሎ በረደ። «ምን ብዬ? ከተጋባን ጀምሮ በእጄ ሠርቼ የሰጠኋት አንድም ነገር አልነበረም። ያን ቀን ሥራዬን አጥቼ ስገባ እንደዚያ ስቃ ጠበቀችኝ። እውነቱን ብናገር ሁለቱንም ላጣ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አደራ፣ አሁንም እንዳትሰማ። እሷ እስከ ዛሬ ብር ነው የምትለው።»

«ምንድነው የምትንሾካሾኩት እናንተ?»

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ መርፌ እጇ ላይ። አምባሩ አንጓዋ ላይ ነበር። በየሳምንቱ በሎሚ ስለምትፈትገው ጉንጉኑ ሳስቷል፤ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ቀይራዋለች።

«እሷ እሷ ስትሉ ሰምቻለሁ» አለች፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ። «እሷ ማናት?»

አባቴ እኔን አየኝ። ያን ቀን ደረጃው ላይ ሆኖ ያየኝ ዓይነት አስተያየት ነው።

«አንቺ ነሻ፣ እማዬ» አልኳት። «የአምባርሽን ነገር ለአባዬ እያነሳሁለት ነበር።»

«ምኑን?»

«ያን ዓርብ መሳቢያሽ ውስጥ ሲያስቀምጠው አይቼዋለሁ። ፊቱ ቀልቶ ነበር። ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኝ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት።»

እናቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየች። «አይ፣ የእሱ ነገር!» አለችና እጇን ዘርግታ አምባሯን እያዟዟረች ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሽቦውን አነሳ። ከንፈሩ አንዴ ተንቀሳቀሰና ቆመ። ዙሩ ጠፍቶበታል። የጠመጠመውን ሁሉ ፈታና እንደ አዲስ ከአንድ ጀመረ።